አነጋገራችንና ወንድማማችነታችን



ለዛሬ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ስለ አነጋገር ነው። ሰው ቃሉን ስለሚያወጣበት ዘዬ፣ ስለ «ሁ» እና ስለ «ኩ»፣ ስለ «ልጄ» እና ስለ «ልጀ» ነው። «ሙስሊሙን ስንት ችግር ከቦት ሳለ የአነጋገር ነገር ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው ጋዜጣ ላይ የሚወጣው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በገዛ ቤቴ የደረሰ ነገር ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

እናቴ ዝም ያለች ጊዜ

የተወለድሁት ጎጃም፣ ሊበን ነው። ሊበን የሰሜን አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። እናቴ ዛሬም የምትኖረው እዚያው ነው። ባለፈው ዓመት ለዓይኗ ሕክምና ወደ አዲስ አበባ መጥታ እኔ ቤት ከረመች።

ሰባት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አለችኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አያቷ በር ላይ ተቀበለቻትና «ልጀ፣ ወዴት ሂደሽ ነው እንዲህ የዘገየሽ?» አለቻት። ልጄ ሳቋ መጣ። ቃሉን እየጎተተች፣ «ወዴት ሂደሽ፣ ወዴት ሂደሽ» እያለች ለታናሽ ወንድሟ ደገመችለት። ሁለቱም ተሳሳቁ። እናቴም አብራቸው ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ቀን ያህል ከልጆቹ ጋር ስትነጋገር አልሰማኋትም። ሲጠይቋት ራሷን ትነቀንቃለች፤ ሶላቷን ሰግዳ ሙስበሓዋን ይዛ ትቀመጣለች።

ነገሩ ሲገባኝ ልጄን ለብቻዋ ጠርቼ ተቆጣኋት። «አያትሽ ላይ ለምን ታሾፊያለሽ?» አልኋት። መልሷ አጭር ነበር። «አንተም እኮ ትላለህ። እንግዳ ሲመጣ እንደ አያቴ እያወራህ ታስቃቸዋለህ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እናቴ ያስተማረችኝን አነጋገር ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ አውልቄ አስቀምጨዋለሁ። የማነሣው ጓደኞቼን በጎጃሜ ቀልድ ለማሳቅ ብቻ ነበር። ልጆቼም ያንን አነጋገር በቤታችን የሰሙት በቀልድ ውስጥ ብቻ ስለሆነ፣ አያታቸው ስትናገር ቀልድ የምታወራ መሰላቸው። ጥፋቱ የልጅ አልነበረም፤ የኔ ነበር።

«ጎጃም ውስጥ ሙስሊም አለ እንዴ?»

አነጋገሬን ለምን እንደተውሁት ሳስታውስ ሁለት ቀን ትዝ ይሉኛል። የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ነው። ጥያቄ ለመመለስ ተነሥቼ «ቤተ መጻሕፍት ሂጀ መጽሐፉን ፈልጌ አጣሁት» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከዚያ በኋላ ለአንድ መንፈቅ ያህል ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም።

ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው፤ በወንድሞች መካከል ስለሆነ። ከሶላት በኋላ ተማሪዎች ክብ ሠርተን እንተዋወቅ ነበር። ተራዬ ደርሶ ሰላምታ አቅርቤ ስሜንና አገሬን ስናገር፣ አጠገቤ የነበረው ልጅ በደስታ እጄን ይዞ «ማሻ አላህ! መቼ ሰለምክ?» ብሎ ጠየቀኝ። «እኔ እንኳን አባቴም አያቴም ሙስሊም ናቸው» ብለው «ጎጃም ውስጥ ሙስሊም አለ እንዴ?» አለኝ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ኋላም ጥሩ ጓደኛዬ ሆኗል። ነገር ግን በእሱ ጆሮ የሙስሊም አማርኛ የወሎ አማርኛ ነው፤ የጎጃም አማርኛ የክርስቲያን አማርኛ ነው። ምላሴ ስለ ሃይማኖቴ በሐሰት መሰከረብኝ ማለት ነው።

የሚገርመው ደግሞ አገራችን ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። በሊበንም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በገጠሩ፣ የሙስሊሙ አነጋገር ከክርስቲያን ጎረቤቱ የሚለየው በ«ወላሂ» እና በ«ኢንሻአላህ» ካልሆነ በቀር በምንም አልነበረም። ይሁን እንጂ በቀድሞው ዘመን በጎጃምና በጎንደር «ነጋዴ» ማለት «ሙስሊም» ማለት ነበር። ሙስሊሙ በአብዛኛው ርስት እንዳይዝ በልማድ የተከለከለ በመሆኑ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ተመሠረተ፤ ቀስ በቀስም የሥራው ስም የሃይማኖቱ ስም ሆነ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በደቡብ ጎጃም በባሶ ገበያ ከግቤ አገሮች የሚመጣውን ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፣ የሚያሳዝነውንም የባሪያ ንግድ ጭምር ያንቀሳቅሱ ከነበሩት መካከል እነዚህ ነጋዴዎች ነበሩ። ዓባይን ለመሻገር ኦሮምኛ፣ ቀይ ባሕር ለመድረስ ዐረብኛ የሚያስፈልገው ሰው የሌላውን ቋንቋ መናቅ አይችልም። ቢሆንም «ነጋዴ» የሚለው ቃል ውስጥ «መጤ» የሚል ትርጉም ተደብቆ ኖረ።

ቃል የሰውን ልብ እንዴት እንደሚያቀርብና እንደሚያርቅ ለመረዳት ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገውን ታላቁን የሙስሊሞች ሰላማዊ ሰልፍ ማስታወስ ይበቃል። ከሰልፉ ጥያቄዎች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚል ነበር። ልዩነቱ የአንድ ሐረግ ነው። ነገር ግን አንደኛው እንግዳ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ባለቤት ያደርጋል።

እንግዲህ ጎጃም ውስጥ በሃይማኖቴ እንግዳ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምላሴ እንግዳ ሆንሁ። ሃይማኖቴን መተው የማይታሰብ ነውና ምላሴን ለወጥሁ።

የሚሳቅበት አነጋገር ስሕተት ነውን?

ብዙ ሰው ዘዬን የሚያየው እንደ ስሕተት ነው። «ትክክለኛው» አንድ አለ፤ ሌላው የተበላሸ ነው ብሎ ያስባል። እስቲ ነገሩን በቅርብ እንመርምረው።

የአዲስ አበባ ሰው «ሄድኩ፣ ነገርኩ፣ ሰበርኩ» ይላል። የጎጃም ሰው «ሄድሁ፣ ነገርሁ፣ ሰበርሁ» ይላል። አዲስ አበቤው በ«ሁ» ይስቃል። ነገር ግን ይኸው ሰው «ሰማኩ» ወይም «በላኩ» አይልም፤ «ሰማሁ፣ በላሁ» ነው የሚለው። እሱ ራሱ በግማሹ ቃል «ሁ» እያለ ኖሯል። ልዩነቱ የጎጃም ሰው በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ሕግ መጠበቁ ብቻ ነው። በሌላ በኩል «ኩ» በግዕዝም ያለ ስለሆነ የአዲስ አበባውም የተበላሸ አይደለም። «ሠርቸ» እና «ሠርቼ»፣ «አንች» እና «አንቺ» እንዲሁ ናቸው። ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው እንጂ አንዱ ዛፍ፣ ሌላው እንጨት አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሰው፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ የጎጃም አማርኛ ምን ያህል መሸከም እንደሚችል ያውቃል። ያን መጽሐፍ የሚያደንቀው ሰው ራሱ ከጎጃም የመጣ ሎተሪ አዟሪ በመንገድ ሲያናግረው ይስቃል።

ስለዚህ ሳቁ ከቋንቋው የመጣ አይደለም፤ ስለ ሰዎቹ ካለን ግምት የመጣ ነው። ይህንን በጥናት ካሳዩት አንዱ በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ምሁር የነበረው ዋላስ ላምበርት ነው። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት ጥናት እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ አጥርተው የሚናገሩ ሰዎች አንድ ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ እንዲያነቡ አድርገው ድምፃቸውን ቀዱ። ከዚያም የሞንትሪያል ተማሪዎች እያዳመጡ ስለ አንባቢዎቹ ጠባይና ችሎታ እንዲፈርዱ ጠየቋቸው። ተማሪዎቹ አንዱን ሰው ሁለት ጊዜ እየሰሙ መሆናቸውን አያውቁም። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲያነብ በብዙ ነገር የተሻለ ሰው ሆኖ ተገመተ፤ በፈረንሳይኛ ሲያነብ ዝቅ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ፈረንሳይኛ አፋቸውን የፈቱት ተማሪዎች ራሳቸው የገዛ ቋንቋቸውን ተናጋሪ ዝቅ አድርገው መፍረዳቸው ነው።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ራሴን አየሁት። የተናቀ ሰው ንቀቱን ከናቂው ተቀብሎ በገዛ ወገኑ ላይ ይፈርድበታል። እኔ በእናቴ ምላስ ቀልድ ስነግድ የነበርሁት ለዚህ ነው።

ልጆች ከየት ይጀምራሉ? እ.ኤ.አ. በ2007 ካትሪን ኪንዝለርና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ ገና የወራት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት እንኳ በለመዱት አነጋገር የተናገራቸውን ሰው ይበልጥ ያያሉ። አምስት ዓመት የሞላቸው ልጆችም ጓደኛ ምረጡ ሲባሉ እንደነሱ የሚናገረውን ይመርጣሉ። የለመዱትን መውደድ እንግዲህ ከልጅነት የሚመጣ ነው። ማሾፍ ግን ከአዋቂ የሚማሩት ነው። የኔ ልጅ ከማን እንደተማረች ነግሬያችኋለሁ።

እዚህ ላይ የጎጃምን ሰው ተበዳይ ብቻ አድርጌ ባቀርብ ሐቁን መደበቅ ይሆናል። እኛም በልጅነታችን ከዳንግላ በኩል የሚመጣ፣ አፉን በአገውኛ የፈታ ነጋዴ በአማርኛ ሲጫረት እንስቅበት ነበር። ሰውየው ሁለት ቋንቋ ያውቃል፤ እኛ አንድ ነው የምናውቀው። የምንስቀው ግን እኛ ነበርን። አዲስ አበቤው በጎጃሜው፣ ጎጃሜው በአገው ይስቃል። መሰላሉ ማለቂያ የለውም።

ዲናችን ምን ይላል?

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሩም 22ኛው አንቀጽ የሰማያትንና የምድርን መፈጠር ካወሳ በኋላ የቋንቋችሁና የመልካችሁ መለያየት ከታምራቱ መሆኑን ያስተምረናል። ከሰማይና ከምድር ጎን የተቆጠረን ነገር መሣቂያ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስብበት። በሱረቱል ሑጁራት 11ኛው አንቀጽ ደግሞ ሕዝብ በሕዝብ ላይ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳይሳለቁ ተከልክሏል፤ የሚሳለቁበት ከነሱ የተሻለ ሊሆን ይችላልና። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ምላሳቸው እንዲፈታላቸው ዱዓ ማድረጋቸውን፣ ወንድማቸው ሃሩን ከሳቸው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ መሆናቸውን መመስከራቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ለፊርዐውን የተላከው ታላቅ መልእክት ግን በሙሳ ምላስ ነው የተጣለው።

የአቡ ዘርን (ረ.ዐ.) ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከአንድ ሰው ጋር ተጣልተው በእናቱ አነወሩት፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በሳቸው ውስጥ የጃሂሊያ ጠባይ መኖሩን ነግረው ገሠጿቸው። በቡኻሪ ዘገባ የሰውየው እናት «አዕጀሚያ» እንደነበረች ተጠቅሷል። ቃሉ ዐረብ ያልሆነችን ያመለክታል፤ ሥሩም አነጋገሩ ጥርት ብሎ አለመሰማትን የሚገልጽ ነው። እንግዲህ በእናት አነጋገርና ዘር ማሾፍ ከጃሂሊያ ተቆጠረ። እኔ ያሾፍሁት በሰው እናት አልነበረም፤ በገዛ እናቴ ነበር።

በተቃራኒው የረሡልን (ሰ.ዐ.ወ.) አደራረግ እንመልከት። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) ወላጆቿ ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ እዚሁ የተወለደች ሕፃን ነበረች። ከወላጆቿ ጋር መዲና ከተመለሰች በኋላ ነቢዩ ጥለት ያለበት ጥቁር ልብስ አለበሷትና በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ «ያምራል» ማለታቸው ነው። የኛ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ የግዕዙ «ሠናይ» ትዝ ይለዋል። ሐዲሡ በቡኻሪ ተዘግቧል። እሳቸውም የባዕድ አገር ቃል በምላሳቸው አወጡ። ያወጡት ግን እንግድነት የሚሰማትን ልጅ ለማስደሰት ነው። እኔም የሌላውን አነጋገር አወጣሁ፤ ያወጣሁት ግን ባለቤቷ ሳትኖር ሰው ለማሳቅ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው።

ስለ ቢላል (ረ.ዐ.) የሚነገረውንም እዚህ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል። «ቢላል ሺን የምትለውን ፊደል ሲን ይላት ነበር፤ አላህ ግን እንደ ሺን ተቀበለው» የሚለው ወሬ በኛ አገርም በሰፊው ይወራል። አል-ሚዚና ተማሪያቸው ኢብኑ ከሢር ይህ መሠረት የሌለው ወሬ መሆኑን ገልጸዋል። የአዛኑ ሥራ ለቢላል የተሰጠው ድምፃቸው የተሻለ በመሆኑ መሆኑ ነው በሐዲሥ የተዘገበው። ታሪኩን የሚያወሩት በቅን ልብ ቢሆንም ከሥሩ ያለውን ግምት አስተውሉ፤ «ሐበሻ ከሆነ ምላሱ ጎደሎ መሆን አለበት» የሚል ነው። እኛ ሐበሾች ደግሞ ሳንመረምር ተቀብለን በራሳችን ላይ እናወራዋለን። የሞንትሪያሎቹ ተማሪዎች ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

በመስጂዳችን ውስጥ

ነገሩ የሚያሳስበኝ በመስጂድም ስለማየው ነው። ከገጠር የመጡ ሽማግሌ ቁርኣን ሲቀሩ «ሓእ» እና «ዐይን» በአማርኛ «ሀ» እና «አ» ሲወጣባቸው፣ ዐረብኛ የተማሩ ወጣቶች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አይቻለሁ። ተጅዊድ መማር ግዴታችን መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በተዘገበው ሐዲሥ እየተንገዳገደና እየከበደው የሚያነብ ሰው ሁለት አጅር እንዳለው ተነግሯል። በሁለት አጅር ባለቤት የሚስቅ ወጣት ምን ያተርፋል?

ዑመር (ረ.ዐ.) ሒሻም ቢን ሐኪም ሱረቱል ፉርቃንን እሳቸው ከተማሩት በተለየ ሁኔታ ሲያነብ ሰምተው በልብሱ ይዘው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየጎተቱ ወሰዱት። ነቢዩ በመጀመሪያ ያዘዙት እንዲለቁት ነው። ከዚያ ሁለቱንም አስነበቧቸው፤ የሁለቱም ንባብ እንዲሁ መውረዱን አረጋገጡ። ቁርኣን በሰባት «አሕሩፍ» መውረዱን አስተማሯቸው። ዑለማዎች በዚህ ቃል ትርጉም ላይ ብዙ ብለዋል፤ የዐረብ ጎሳዎች አነጋገር ነው ያሉም አሉ። በኋላ ዑሥማን (ረ.ዐ.) ሙስሐፉ ሲጻፍ ልዩነት ከተነሣ በቁረይሽ አነጋገር እንዲጻፍ አዘዙ። ከዚህ የምንማረው ሚዛን አለ። ለመጻፍ፣ ለማስተማር፣ ለዜና አንድ የጋራ አነጋገር ያስፈልጋል። የጋራው ማስፈለጉ ግን የሌላውን ውርደት አያስከትልም።

የኛ አባቶችም ይህ ገብቷቸው ነበር። የወሎ ሸኾች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ፣ «ዐጀሚ» በሚባለው ጽሑፍ ለገበሬው በገበሬው አፍ ዲኑን አስተማሩ። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ የቁርኣን ትርጉም በአማርኛ ታትሞ ዐረብኛ ለማያውቀው ደረሰ። ዳዕዋ የሚገባው በሰሚው አነጋገር ነው።

ሳቁ የት ያደርሳል?

ሳቅ በሳቅነቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1937 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በአምባገነኑ ትሩሂዮ ትእዛዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሃይቲያውያን ተጨፍጭፈዋል። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ወታደሮቹ አንድ ቅጠል እያሳዩ ስሙን በስፓኒሽ እንዲጠሩ ያደርጉ ነበር፤ «ረ»ን እንደነሱ ያላወጣ ይገደላል። ከቀልድ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ይመስላል። በኛ አገር ግን በአውቶቡስ ውስጥ ስልክ ሲደወልለት በምን ቋንቋ እንደሚመልስ የሚጨነቅ ሰው አጠገቡ የተቀመጠ ሁሉ መንገዱ ምን ያህል አጭር ሊሆን እንደሚችል ያውቃል።

ምን እናድርግ? በቤታችን የአያት የቅድመ አያት አነጋገር በቀልድ ብቻ ሳይሆን በቁም ነገር እንዲሰማ እናድርግ። በመድረሳና በመስጂድ ንባብ ስናርም ለብቻ፣ በለሰለሰ ቃል እናርም። ሰው ስንቀጥር፣ ልጅ ስንድር፣ ምስክር ስንሰማ ጆሯችን ከዳኝነት ወንበር ይውረድ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ይቅርታ ስጠይቃት «ምን አጠፋችና? ልጅ አይደለች» አለችኝ። ቀጥላም «እኔም አንተ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ የመጣህ ለት ሄድኩ፣ ነገርኩ ስትል ሳቄን በነጠላየ ይዠ ነው ያሳለፍሁት» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ዝም ብላ ቆየችና «ስልክ ስትደውልልኝ ድምፁ ያንተ ነው። ቃሉ ግን የሌላ ሰው ልጅ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር» አለችኝ።

ዓሥር ዓመት ሙሉ እናቴን በየሳምንቱ በስልክ ሳናግር የቆየሁት በሌላ ሰው ልጅ ምላስ ነበር። አሁን ስደውል «እማየ» ነው የምላት። መጀመሪያ ምላሴ ተሳሰረ፤ ኋላ ግን ሳላስበው ይመጣ ጀመር። ልጄም አጠገቤ ሆና ትሰማለች። አትስቅም፤ «አያቴን አገናኘኝ» ነው የምትለው።

አላህ (ሱ.ወ.) ምላሳችንን ከማዋረድ፣ ጆሯችንን ከመናቅ ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።